መትረየስ የሚለው ቃል ከየት መጣ? የትኛው መሣሪያስ ነው መትረየስ የሚባለው?

ቅጂ ገልባጯ

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ አጎት በንጉሡ ዘመን ጦር ሠራዊት የገቡ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ ኦጋዴን የዘመቱ ሰው ናቸው። ትዝታቸውን በድምፅ ቀድተነዋል፤ አሁን እኔ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩት ነው። ለቤተሰቡ ልጆች አሳትመን ልንሰጥ አስበናል። አንድ ቃል ግን ያዘኝ። መትረየስ።

አጎታችን ቃሉን እንደልባቸው ነው የሚያመላልሱት። አንዴ «መትረየስ ጠምደን አደርን» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ስለዚያው ሌሊት ሲያወሩ «ብሬኑ ዝም አለ» ይላሉ። ኦጋዴን ሲደርሱ ደግሞ ዲሽቃ ይመጣል። ሦስት የተለያየ መሣሪያ ነው ወይስ አንድ ነገር በሦስት ስም? ልጆቹ እንዲገባቸው ከግርጌ ማስታወሻ ልጽፍ ነው፤ ስለዚህ በግምት መጻፍ አልፈልግም።

በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቷል። ወንድሜ ቃሉ «መተረ» ከሚለው ነው የመጣው ይላል፤ ሥጋ እንደሚመተር ሰው ስለሚመትር ነው አለን። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል ነው ትላለች፣ እንደ ማኪያቶ እንደ ጎሚስታ። ማናቸው ናቸው ልክ? ክላሽስ በተከታታይ ስለሚተኩስ መትረየስ ይባላል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የለገሃር ልጅ

ሁለቱም አላገኙትም። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። ሚትራዬዝ ይሉታል፤ እኛ አፍ ላይ መትረየስ ሆነ።

የአክስትሽ ልጅ ግን ሩቅ አልሄደችም፤ ጣሊያኖቹም ከዚያው ሥር ነው የወሰዱት። እነሱ ሚትራሊያትሪቼ ነው የሚሉት። ከነሱ ብንወስደው ኖሮ ከመጨረሻው «ትሪቼ» የሚል ነገር ይቀር ነበር እንጂ ይሄ «የስ» ከየት ይመጣል? ከጣሊያን የወሰድናቸውን ቃላት ተመልከቺ፤ ፒያሳ፣ ማኪያቶ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ። አብዛኞቹ መጨረሻቸው ክፍት ነው፣ አፍ ተከፍቶ ነው የሚያልቁት። መትረየስ እንደዚያ አይደለም፤ የፈረንሳይኛውን «ዝ» ወደ «ስ» አድርጎ ነው የዘጋው።

የቃሉ ሥር ሚትራይ ነው። ድሮ መድፍ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ድቡልቡል አይጎርስም ነበር። ጠላት ቀረብ ሲል ጥቃቅን እርሳስ፣ ስብርባሪ ብረት፣ ያገኙትን ሁሉ ያጎርሱትና ፊት ለፊት ይበትኑት ነበር። ያ ብትን ብረት ነው ሚትራይ። ወደ ኋላ ደግሞ ሲኬድ ሚት ከሚባል ትንሽ የመዳብ ሳንቲም ላይ ይደርሳል። ሽርፍራፊ ሳንቲም፣ ከዚያ ሽርፍራፊ ብረት፣ ከዚያ ሽርፍራፊውን የሚተፋው መሣሪያ። እንዲህ ነው ቃሉ የተጓዘው።

መሣሪያው በዚህ ስም የገነነው ፈረንሳይ ከፕራሻ ጋር በተዋጋችበት በ1870 እ.ኤ.አ. ነው። ቤልጂጎች ቀደም ብለው ሠርተውት ነበር። ከዚያ ሬፍዬ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን 25 አፈሙዝ በአንድ ላይ ታስሮ እንደ መድፍ በጋሪ የሚጎተት አወጣ። እንደዛሬው አይደለም፤ በእጅ እየተዘወረ ነው የሚተኩሰው። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ብዙ ተስፋ ጥሎበት ነበር። ነገር ግን ምስጢሩን ከመጠን በላይ ስለጠበቁት የራሳቸው ወታደሮች እንኳ በቅጡ ሳይማሩት ጦርነቱ መጣ። እንደ መድፍ ከሩቅ አሰለፉት፣ የፕራሻ መድፍ ደግሞ ከሱ አርቆ ይመታ ነበር። ጦርነቱን ተሸነፉ፤ ስሙ ግን ቀረ። ሂራም ማክሲም በ1884 እ.ኤ.አ. በራሱ ጉልበት እየጎረሰ እየተፋ የሚተኩሰውን ሲሠራ ፈረንሳዮች አዲስ ስም አልፈለጉለትም፣ ያንኑ ሚትራዬዝ አሉት። እንግሊዞች በአንጻሩ ሚትራዬዝ የሚሉት ያንን የድሮውን ባለብዙ አፈሙዝ ብቻ ነው።

አገራችን የገባው በጠረፍ በኩል ነው። በታጁራ፣ በኦቦክ፣ በኋላም በጅቡቲ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የፈረንሳይ ነጋዴ ጠመንጃ እየጫነ ይመጣ ነበር፤ ገጣሚው አርቱር ራምቦ ራሱ በ1887 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ጭኖ ሸዋ ገብቷል። ውጅግራን ታውቂያለሽ? ፉዚ ግራ ነው፣ የፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ። ፈረንሳይ ሌቤል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ ተርፎ በየአገሩ ተሸጠ፣ ለኛም ደረሰ። መትረየስም በዚያው በር ነው የገባው። ሰፈሬ ለገሃር ራሱ ላ ጋር ነው፣ ባቡር ጣቢያ።

አንድ ነገር ልጨምር። አድዋ ላይ የምኒልክ ጦር የሆችኪስ ፈጣን መድፎች ነበሩት። ሆችኪስ የፈረንሳይ ድርጅት ነው፣ መሥራቹ ግን አሜሪካዊ። ድርጅቱ በኋላ መትረየስም ሠርቷል። ስለዚህ ስለዚያ ዘመን የተጻፈ ነገር ስታነቢ መድፍና መትረየስ የሚባሉት ድንበራቸው ዛሬ እንደምናውቀው የጠራ እንዳይመስልሽ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ልጄ፣ አጎትሽ ልክ ናቸው። ምንም አላምታቱም።

መትረየስ የወል ስም ነው። ብሬንና ዲሽቃ የመሣሪያዎቹ ስም ናቸው። «መኪና» ብለሽ ከዚያ «ላንድሮቨሩ» እንደምትይው ማለት ነው።

ብሬን የእንግሊዝ ነው፤ ሥሩ ግን ቼክ ነው። ብርኖ በምትባል የቼክ ከተማ የተሠራውን መትረየስ እንግሊዞች ወስደው ኤንፊልድ በሚባለው ፋብሪካቸው አሻሻሉት። «ብር» ከብርኖ፣ «ኤን» ከኤንፊልድ፣ አንድ ላይ ብሬን። እኛ ዘንድ ከእንግሊዝ ጋር ነው የመጣው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሠራዊቱን ያሠለጥን የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነበር። ብሬን ካዝናው ከላይ ነው የሚሰካው፣ ጎበጥ ያለ፣ 30 ጥይት የሚይዝ። ኢላማ የሚወሰደው በግራ በኩል ነው ምክንያቱም ካዝናው መሐል ላይ ቆሞ ይጋርዳል። ያየ ሰው አይረሳውም።

አሁን ግን ተጠንቀቂ። ብሬን የሚለው ስም ከመሣሪያው በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ዛሬ በዜና «ይህን ያህል ብሬን ተያዘ» ሲባል የምትሰሚው አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዙ አይደለም፣ የሩሲያው ፒኬኤም ነው። ወታደሩም ሕዝቡም ለምዶት ስሙን ወደ አዲሱ አዛወረው። ፒኬኤም ከላይ ካዝና የለውም፤ ጥይቱ በሰንሰለት ተያይዞ ከጎን ነው የሚገባው። ስለዚህ አጎትሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂልኝ። «ብሬኑ ጥይቱ ከላይ ነው የሚገባው ከጎን?» በይያቸው። ከላይ ካሉ የንጉሡ ዘመን ብሬን ነው። ከጎን ካሉ የሩሲያው ነው። የትኛው ዘመን ላይ እያወሩ እንደሆነም ትለይበታለሽ።

ዲሽቃ ከባድ መትረየስ ነው። የሠሪዎቹ የዲግትያሮቭና የሽፓጊን ስም መነሻ ፊደል፣ ከዚያ «ትልቅ ካሊበር» (ሰፊ አፈሙዝ) የሚል የሩሲያ ቃል መነሻ ፊደል ተጨምሮበት ነው። ሩሲያዎቹ ራሳቸው አቆላምጠው ዱሽካ ይሉታል፤ በቋንቋቸው «ነፍሴ» እንደማለት ነው። እኛ ዲሽቃ አልነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ነው የሶቪየት ጦር የያዘው። ጥይቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። መሣሪያው ብቻውን፣ መቆሚያው ሳይቆጠር፣ ወደ 34 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሰው ተሸክሞት አይዋጋም። ኦጋዴን ላይ የሶቪየት መሣሪያ በገፍ ሲመጣ ነው እኛ ሰፈር የበዛው። የአጎትሽ አነጋገር ከዘመኑ ጋር ገጥሟል።

ስለ ክላሽ። ክላሽ በተከታታይ ይተኩሳል፣ እውነት ነው። መትረየስ ግን አይባልም። እኛ የግል መሣሪያና የቡድን መሣሪያ ብለን ነው የምንለየው። ክላሽ የግል ነው፤ መትረየስ የቡድን ነው። ተኳሽ አለው፣ ጥይት የሚያቀርብ ረዳት አለው። ክላሽን ሳታቋርጪ ብታንጣጪው አፈሙዙ ይግላል፣ 30ው ጥይትም ወዲያው ያልቃል። ፒኬኤም አፈሙዙ ሲግል ይቀየራል፣ ሰንሰለቱም ረጅም ነው፤ ሥራው ቶሎ መተኮስ ብቻ ሳይሆን ሳያቋርጥ ቆይቶ መተኮስ ነው። ጥይታቸውም አይዋዋስም። ሰው ሁለቱንም «7.62 ነው» ይላል። እሱ ስፋቱ ነው። ግን የክላሹ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፒኬኤሙ 54። አንዱ ባንዱ አይገባም። ይህን ሳይለዩ የጻፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የዘመተው ሰው ሲያነበው ሙሉውን ታሪክ መጠራጠር ይጀምራል።

ምንጣፍ ተራ

ሃምሳ አለቃ እጅ ይባረክ። እኔ ግን ለወንድሟ ልሟገት። ፈረንሳይኛ ነው ብላችሁ ዘጋችሁት፤ ሕዝቡ ግን ቃሉን ሲሰማ «መተረ»ን ነው የሚሰማው። አያቴ «መተራቸው» ትል ነበር ስለ መትረየስ ስታወራ። ሌላ ቃል አልመረጠችም። በአጋጣሚ ነው እንዴ? ምናልባት ፈረንሳይኛውም ገባ፣ የኛም ቃል ተቀበለው።

የለገሃር ልጅ

ምንጣፍ ተራ፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ ላይ እስማማለሁ። ወንድሟ ያለው ግን እሱን አይደለም። እሱ ያለው ከ«መተረ» ተወለደ ነው፣ ያ አይሆንም።

በአማርኛ ቃል ከግሥ ሲወለድ መንገድ አለው። ከ«መተረ» የሚመትር ሰው «መታሪ» ነው፣ የሚመተርበት ዕቃ «መመተሪያ» ነው። ቈረጠ፣ ቈራጭ፣ መቍረጫ እንደምንለው። መጨረሻው ላይ «የስ» ጨምሮ የዕቃ ስም የሚያወጣ ግሥ አንድ ጥቀስልኝ። የለም። በዚያ ላይ ቃሉ እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። ቱርኮች ሚትራልዮዝ ይላሉ፣ ሰርቦች ሚትራልዬዝ። እነሱም «መተረ» የሚል ግሥ የላቸውም፣ ከፈረንሳይ ነው የወሰዱት።

ግን አያትህ ያሉት ነገር ትልቅ ነገር ነው። የውጭ ቃል ሲገባ ጆሮ የሚያውቀውን ይፈልጋል። ሚትራዬዝ «ሚ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እኛ «መ» አደረግነው። ብዙዎቹ የዕቃ ስሞቻችን «መ» ብለው ስለሚጀምሩ ይመስለኛል፤ መዶሻ፣ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መድፍ። መድፍ ራሱ ከዓረብኛ ሚድፋዕ ነው የመጣው፣ መግፋት ከሚል ሥር። እሱም «ሚ»ውን ጥሎ «መ» ይዞ ነው የገባው። ባሩድም ከዓረብኛ ነው። ወንድሟን ሞኝ ነህ አትበሉት፣ ጆሮው በትክክል ነው የሠራው። ታሪኩ ነው ሌላ የሆነው።

ከረሞት

እኔ ያለሁት እስራኤል ነው፣ ከቤተሰቦቼ ጋር በሕፃንነቴ ነው የመጣሁት። ወታደር ቤት ስገባ የገረመኝ በዕብራይስጥ መክሌዓ መባሉ ነው። «ቀለዕ» ከሚል ሥር ነው፣ ወንጭፍ ማለት። ዳዊት ጎልያድን የመታበት ዓይነት። ዓረቦች ደግሞ ረሻሽ ይላሉ፣ የሚረጭ፣ የሚያርከፈክፍ። እነዚህ ሁለቱ ከራሳቸው ግሥ አውጥተው ሰየሙት፣ እኛ ስሙን ከነዕቃው ተቀበልን። አማርኛም እኮ ማውጣት ይችል ነበር። «አርከፍካፊ» ቢባል ምን ይለዋል?

የለገሃር ልጅ

ከረሞት፣ አርከፍካፊ ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን መሽቷል። መትረየስ መቶ ዓመት አልፎታል። መትረየሱ፣ መትረየሶች፣ ባለመትረየስ እያልን እንደራሳችን ቃል እናረባዋለን። በአማርኛ ያልተወለደ ቢሆንም በአማርኛ አድጓል። እኔ ብሆን አልነካውም።

እመ ብርሃን ሰፈር

ስለ አጠቃቀሙ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። መትረየስ «ይጠመዳል»፣ «ይደገናል»፣ «ይንጣጣል»። ጥይቱን «ያዘንባል»፣ «ያርከፈክፋል»። ቅጂ ገልባጯ እነዚህን ግሦች እንዳትለውጪያቸው። አጎትሽ «ጠምደን አደርን» ካሉ «ተክለን አደርን» ብለሽ አታስተካክይ። መጥመድ ውስጥ መጠበቅ አለበት፤ ወጥመድም ከሱ ነው። ጠምዶ ያደረ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አላንቀላፋም ማለት ነው።

ሌላው በንግግር ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው «አፉ መትረየስ ነው» ይባላል። «ጥያቄውን እንደ መትረየስ አንጣጣብኝ» ይባላል። የኳስ ጋዜጠኞችም ይወዱታል። ይሄ የተለመደ ነው፣ ስህተት አይደለም። እኔ በግሌ አልወደውም፤ ለምን እንደማልወደው ልንገራችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግቢ ምጽዋት ሊቀበል የተሰበሰበ ድሃ ነው በመትረየስ የታጨደው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ጣሊያኖቹ በሩን ዘግተው ሕዝቡ ላይ ተኮሱ። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ የቆመው ለዚያ ነው። እናቴ ሰፈር የነበሩ አሮጊቶች መትረየስ የሚለውን ቃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት። እኔም ከነሱ ነው የሰማሁት፤ ስለ ወሬኛ ልጅ ስናገር ቃሉ አይወጣልኝም።

ምንጣፍ ተራ

እመ ብርሃን ሰፈር፣ ይሄንን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። እኔ ቃሉን በቀላሉ እጠቀመው ነበር፣ ከልጆች ጋር ሁሉ። ማይጨውም እንደዚያው ነው፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወደ ፊት እየሮጠ የገባው ወደ ተጠመደ መትረየስ ነው፣ ከላይ ደግሞ አውሮፕላን። ጎራዴና ጋሻ የያዘም ነበረበት።

ቅጂ ገልባጯ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ ትናንት ማታ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ከላይ ነዋ! ከጎን የሚገባ ብሬን የት አለ?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ጥይት አቅራቢ እንደነበሩና ካዝናውን በጨለማ በዳበሳ ይሰኩ እንደነበር ነገሩኝ። ይሄ ቅጂው ላይ አልነበረም። አሁን ስልኩንም ቀድቼዋለሁ።

ማስታወሻውን እንዲህ ጻፍኩት፦ «መትረየስ፦ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል። ሳያቋርጥ በተከታታይ የሚተኩስ የቡድን መሣሪያ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብሬን የተባለው ጥይቱ ከላይ የሚገባው የእንግሊዝ ቀላል መትረየስ ነው፤ ዲሽቃ ደግሞ የሶቪየት ከባድ መትረየስ ነው።» ግሦቹን አልነካኋቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እሳቸው የክብር ዘበኛ አጃቢዎች ይይዙት ስለነበረ «አጭር፣ በደረት የሚንጠለጠል፣ ቶሎ የሚተኩስ» መሣሪያ ያወራሉ። ኡዚ ይሉታል። እሱስ መትረየስ ነው?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ልጄ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጥይት አቅራቢ ከነበሩ ከባዱን ሥራ ነው የሠሩት፤ ሣጥኑን ተሸክሞ ከተኳሹ እኩል መሮጥ ነው።

ኡዚ የእስራኤል ሥራ ነው፤ የሚተኩሰው የሽጉጥ ጥይት ነው፣ 9 ሚሊ ሜትር። በወረቀት ላይ «ንዑስ መትረየስ» ተብሎ ሲጻፍ ታገኚያለሽ። ሰው አፍ ላይ ግን መትረየስ አይባልም፣ በስሙ ኡዚ ነው የሚባለው። አንድ ሰው ይይዘዋል፣ በቅርብ ርቀት ነው የሚያገለግለው፣ አይጠመድም። አንቺም ኡዚ ብለሽ ተይው፣ ከጎኑ «በሽጉጥ ጥይት በተከታታይ የሚተኩስ አጭር መሣሪያ» ብትዪ ይበቃል።

ማስታወሻሽ ላይ «ቀላል» የሚለው ልጆቹን እንዳያሳስታቸው። ቀላል መትረየስ ስንል አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ማለታችን ነው። ብሬን ወደ 10 ኪሎ ነው፣ ያለ ጥይት። እሱን በቅንፍ ጨምሪው።